የዕብራውያን አዋላጆች ነገር፤ በግፍ መንግሥት ዘመን ጀግና የሚያሰኘው ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሐተታ ከታሪክ ጋር

በኦሪት ዘፀአት በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ ብዙ ጊዜ ሲነበብ ይሰማል፤ ምሥጢሩ ግን በችኮላ ይታለፋል። የዮሴፍን ውለታ ያላወቀ ንጉሥ በግብፅ ተነሥቶ የእስራኤልን ልጆች በጡብና በጭቃ ሥራ ካስጨነቀ በኋላ፥ ሲፓራና ፉሐ የሚባሉትን አዋላጆች ጠርቶ፥ የሚወለደው ወንድ የሆነ እንደሆነ እንዲገድሉት አዘዛቸው። እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን በሕይወት አኖሩ። ሐተታ፤ ኦሪት ንጉሡን ፈርዖን ከማለት በቀር ስሙን አልጻፈችም፤ ፈርዖን ማለት የማዕረግ ስም ነውና። ያን ያህል ሕንፃ ያሠራ፥ ያን ያህል ሠራዊት ያሰለፈ ንጉሥ ስሙ ሳይጻፍ ሲቀር፥ የሁለት አዋላጆች ስም ግን ተጽፎ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል።

እነዚህ ሴቶች ሰይፍ አልያዙም፤ ሠራዊት አልመሩም። ታዲያ ከጀግኖች የሚያስቆጥራቸው ምንድር ነው ቢሉ፥ ግፍ በእጃቸው በኩል እንዳያልፍ መከልከላቸው ነው። ግፈኛ መንግሥት ሁሉን በራሱ እጅ መሥራት አይቻለውም። የሚጽፍለት ጸሓፊ፥ የሚፈርድለት ዳኛ፥ የሚመሰክርለት ምስክር፥ የሚባርክለት ካህን ያሻዋል። ኤልዛቤልም የናቡቴን የወይን ቦታ ለአክዓብ ልታስወስድ በፈለገች ጊዜ ሁለት የሐሰት ምስክሮችና ዝም የሚሉ ሽማግሌዎች አስፈልገዋት ነበር። ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ እምቢ ብሎ ቢሆን ታሪኩ በሌላ መንገድ በተጻፈ ነበር። ስለዚህ በግፍ ዘመን የጀግንነት መጀመሪያ መግደል ሳይሆን መከልከል ነው፤ ይኸውም ግፈኛው የሚሻውን ነገር እርሱ ከሚሻው ሰው ዘንድ እንዳያገኝ ማድረግ ነው።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ምድር በሥራ የተገለጠበት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያለው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ክረምት የሰላሌው ልዑል ደጃዝማች አበራ ካሣ፥ ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ፥ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከተማይቱን ከያሉበት ሆነው ለመምታት ተማከሩ። ሐምሌ 21 ቀንም አርበኞች ወደ ከተማይቱ ገቡ። ነገር ግን ወንዞች ሞልተው ነበር፤ ጦሩም ከየአቅጣጫው ሲመጣ እርስ በርሱ መልእክት የሚለዋወጥበት መንገድ ስላልነበረው በአንድ ሰዓት መድረስ አልቻለም። አንዱ ሲዋጋ ሌላው ገና በመንገድ ነበረ፤ ስለዚህም ዘመቻው ሳይሰምር ቀረ።

ከአርበኞቹ ጋር ወደ ከተማይቱ የመጡ አንድ ጳጳስ ነበሩ፤ እርሳቸውም ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ትውልዳቸው ሰላሌ፥ የተማሩትም በደብረ ሊባኖስ ነው። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብፅ ይመጣ ነበር እንጂ ከሀገሩ ልጆች አይሾምም ነበር፤ በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በግብፅ ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ይስሐቅ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ስለዚህ ከተሾሙ ሰባት ዓመት ብቻ በሆናቸው ጊዜ የመጣባቸው ፈተና የአንድ ሰው ፈተና ብቻ አልነበረም። ከሀገሩ ልጅ የተሾመ እረኛ ለመንጋው ምን እንደሚሆን በእነርሱ ላይ ሊታይ ነበርና።

ዘመቻው ከተሰበረ በኋላ አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ከኢጣልያ የጦር ችሎት ቀረቡ። በዚህ ስፍራ ማስተዋል ይገባል። ወታደር በጦር ሜዳ ሲሞት ጠላቱ የሚሻው ሞቱን ነው። ከጳጳስ ዘንድ የሚሻው ግን ሞቱን ሳይሆን ቃሉን ነው። አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፥ ሕዝቡም ለወራሪው እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ተጠየቁ። ስለ ምን ይህን ሻ ቢሉ፥ በጠመንጃ የተያዘ ሀገር ጠመንጃው ከዞረ ይነሣል፤ በካህን ቃል የታሰረ ሕሊና ግን ጠባቂ ሳያስፈልገው ታስሮ ይኖራል ብሎ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ያን ቃል ከለከሉ። ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ፤ ምድሪቱም እንኳ እንዳትቀበለው አወገዙ እየተባለ ይተረካል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የኢጣልያ ጋዜጠኛ ችሮ ፖጃሊ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ነበረና ነገሩን በግል ማስታወሻው ጽፎ አቆይቷል፤ ስለዚህ የሰማዕቱ ነገር ከወዳጅ ብቻ ሳይሆን ከጠላት ወገንም ምስክር አለው።

ጌታ በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ስለ ቸር እረኛና ስለ ሞያተኛ የተናገረውን መምህራን ሲተረጉሙ፥ ተኩላ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ በመልክ አይለዩም ይላሉ። ሁለቱም በትር ይይዛሉ፤ ሁለቱም በጎቹን ወደ መስክ ያወጣሉ። አንድም፤ ተኩላው በጎችን ሲበላ እረኛውን ይገልጠዋል። የኢጣልያ ዘመን ለኢትዮጵያ እረኞች እንዲህ ያለ መግለጫ ሆነ። የጎሬው አቡነ ሚካኤልም እንደ ወንድማቸው አርበኞችን አናወግዝም ብለው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ግን ከወራሪው ጋር ተስማሙ፤ ወራሪው የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር በለየ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. የሊቀ ጳጳስነቱን ሹመት ከእጁ ተቀበሉ። ሦስቱ በአንድ ዓመት የተሾሙ ወንድማማቾች ነበሩ። ትምህርታቸው አንድ፥ ሹመታቸውም አንድ ነበረ። ስለዚህ ጀግና የሚያሰኘው ማዕረግ ወይም ትምህርት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ይህም የተጻፈ የሞቱትን ሰዎች ለመክሰስ አይደለም፤ በሹመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፈተናው ሳይመጣ በራሱ እንዳይተማመን ነው።

ነገር ግን የአቡነ ጴጥሮስ ሞት ምን ጠቀመ የሚል አይታጣም። ዘመቻው አልሰመረም፤ ከተማይቱም ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል በወራሪው እጅ ቆየች። ደጃዝማች ባልቻ ተዋግተው ሞቱ። አበራ ካሣና አስፋ ወሰን ካሣ የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው በገቡ ጊዜ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በትንቢተ ዳንኤል ይገኛል። አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል በናቡከደነፆር ፊት በቆሙ ጊዜ፥ አምላካቸው ሊያድናቸው እንዲችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንዳይሰግዱ አስታወቁ። ጽናታቸው በመዳናቸው ላይ የተመሠረተ አልነበረም። እንደሚድን አውቆ እምቢ የሚል ሰው ብልህ ነው፤ እንደማይድን አውቆ እምቢ የሚል ግን ጀግና ነው። ጥቅሙም እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ወራሪው ከዚያ ቀን በኋላ ኢትዮጵያ በፈቃዷ ተገዛችልኝ ብሎ መናገር አልተቻለውም። ሰውን ይገድል ነበር፤ የተገደለውን ሰው ቃል ግን ሊገዛው አልቻለም።

ግፍም እየበዛ ሄደ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያስከፋፍል፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ፤ የከተማይቱ ሕዝብ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በጥይት፥ በዱላና በእሳት ተፈጀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቀውን ሰው ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከቦምቡ ነገር አሉበት ተብለው ያለ ፍርድ በጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራሙ 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መገደላቸውን፥ ከጥቂት ቀን በኋላም 129 ዲያቆናት መጨመራቸውን ለመንግሥቱ አስታወቀ። በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ግን የሞቱት ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ገምተዋል። እነዚህ መነኮሳት ጦር አላነሡም። ግፈኛ ሰው በደለኛውን ባጣ ጊዜ ንጹሑን እንደሚይዝ፥ ሄሮድስም በቤተ ልሔም ሕፃናት ያደረገው ይኸው እንደሆነ፥ አንባቢ ያስተውል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ ሞቱት ነው። በከተማይቱ ቀርተው በሕይወት ስለ ነበሩት ደግሞ ሊነገር ይገባል፤ ከሕዝቡ የሚበዛው ይህ ነውና። ወራሪው ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር እንዳይኖሩ ሕግ አወጣ። በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ የነበረውን የጥንቱን ገበያ ለኢጣልያውያን ሰፈር አስለቅቆ፥ ኢትዮጵያውያን ወደ ምዕራብ ወዳለው ስፍራ እንዲዛወሩ አደረገ። ያም ስፍራ አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያውም በኢጣልያ ቋንቋ ገበያ ማለት በሆነው ስም መርካቶ ተብሎ ቀረ። ዛሬ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር በዚሁ በአዲስ ከተማ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሰባተኛ ዛሬ ጆንያ የሚሸከመው፥ በርበሬ የሚሸጠው፥ ጨርቅ የሚቀደው ሁሉ የቆመበት ምድር፥ ሰውን በቀለሙ ለመለየት የታሰበ አሳብ የተሠራበት ምድር ነው። ነገር ግን የገበያ ነገር ለብቻው ነው። ገበያ ከየአገሩ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ይሰበስባል፤ የክርስቲያኑን እህል እስላሙ፥ የእስላሙን ጨርቅ ክርስቲያኑ ይገዛዋል። ለመለየት የተቀየሰው ስፍራ የአገሩ ልጆች ሁሉ የሚገናኙበት ሆነ።

በዚያ ዘመን በወራሪው ከተማ እየኖሩ በዱር ያሉትን አርበኞች የሚረዱ ሰዎች የውስጥ አርበኞች ተባሉ። ጥይትና መድኃኒት፥ ልብስና ወሬ በስውር ይልኩ ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። በአዲስ አበባ ተቀምጠው አርበኞችን በመሣሪያና በወሬ ሲረዱ ተይዘው ተሠቃዩ፤ ከዚያም ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። በተመለሱም ጊዜ ፈርተው ዝም አላሉም፤ ዳግመኛ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ እንጂ። የእኒህ ወይዘሮ ሥራ የሲፓራንና የፉሐን ሥራ ይመስላል፤ የአንዱ ሕይወት በሌላው ስውር ሥራ ይጠበቃልና።

የውስጥ አርበኛ ነገር በመጽሐፈ ነገሥት ሣልሳዊ በምዕራፍ 18 አስቀድሞ ተጽፏል። አብድዩ የአክዓብ ቤት አዛዥ ነበረ። ኤልዛቤል የእግዚአብሔርን ነቢያት ባስፈጀች ጊዜ መቶውን ነቢያት ወስዶ ኃምሳ ኃምሳውን በዋሻ ሸሸገ፤ እንጀራና ውኃም ይመግባቸው ነበር። ሐተታ፤ አብድዩ የክፉ ንጉሥ እንጀራ የሚበላ ሹም አልነበረምን ቢሉ፥ ነበረ። ታዲያ ስለ ምን ተመሰገነ ቢሉ፥ ከንጉሡ ቤት ያወጣው እንጀራ ወደ ዋሻው ስለ ገባ ነው። በግፈኛ መንግሥት ሥር ሹመት የያዘ ሰው ሁሉ ከዳተኛ አይባልም፤ ሹመት የያዘም ሁሉ አብድዩ ነኝ ሊል አይችልም። መለያው ይህ ነው፤ በእርሱ ሹመት ምክንያት በሕይወት የኖረ ሰው አለን፤ ለዚህስ ሥራ ራሱን አሳልፎ ሰጥቷልን። የተሸሸገ ነቢይ የሌለው አብድዩ የአክዓብ አዛዥ ብቻ ነው። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የውስጥ አርበኛ ነበርሁ የሚል በዝቶ ነበርና፥ ይህ መለያ ለዚያ ዘመን ብቻ ሳይሆን ለየዘመኑ ይጠቅማል።

የጀግና ሌላው ምልክት ግፈኛውን በድል ጊዜ አለመምሰል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት በመጨረሻ ሰዓት ያደረገውንም ግፍ እንዳያደርግ በአዋጅ አስታወቁ። የየካቲት 12 ቁስል ገና ሳይሽር ይህ ትእዛዝ መሰጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ፈርዖንን አሸንፎ ፈርዖን የሚሆን ሰው ግብፅን አልለቀቀም፤ ዙፋኑን ለወጠ እንጂ።

ግፍ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስል ደግሞ የኋላው ታሪክ ያስተምራል። በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣኖችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ከእነርሱ አንዱ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ነበሩ። እርሳቸው በኢጣልያ እጅ የተገደሉት የአበራና የአስፋ ወሰን ካሣ ወንድም ናቸው። የአንድ አባት ልጆችን አንዱን ወገን ወራሪ፥ አንዱን ወገን የሀገር ልጅ ገደላቸው። የኢትዮጵያ ሁለተኛ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስም መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ኤጲስ ቆጶሳት ሾመዋል ተብለው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሓፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። እኒህ ሰው ከሀገር እንዲወጡ መንገድ ቢዘጋጅላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው የቀሩ ናቸው። በሃይማኖት ሥርዓት የተለያዩት የሁለቱ እረኞች አፅም በ1984 ዓ.ም. በቀድሞው የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። ዓመታት አልፈው መቃብሩ ሲከፈት ገዳዮቹ የደበቁት ነገር ተገለጠ፤ የአቡነ ቴዎፍሎስም አፅም በጎፋ ገብርኤል በክብር ዐረፈ።

እዚህ ላይ ከሊቃውንት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በምዕራፍ 13 ለበላይ ሹማምንት መገዛት እንዲገባ አስተምሯል፤ ታዲያ እምቢ ያሉት ሰዎች ትእዛዙን አላፈረሱምን። ሐዋርያው ሹም የተሾመበትን ምክንያት በዚያው ስፍራ አስረድቷል፤ ይኸውም መልካም ለሚያደርግ ምስጋና፥ ክፉ ለሚያደርግ ቅጣት እንዲሆን ነው። ሹሙ ክፉውን አመስግኖ መልካሙን የሚቀጣ በሆነ ጊዜ የተሾመበትን ሥራ ራሱ ለቅቋል። ስለዚህም ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ሸንጎ ፊት ቆመው ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ መሰከሩ። ነገር ግን ሸንጎውን አላቃጠሉም፤ ተገርፈው ሲወጡ ደስ ብሏቸው ነበር እንጂ። እምቢታቸውም ዋጋውን በራሳቸው ሰውነት የሚከፍል ነበረ፤ ዋጋውን በሌላ ሰው ጀርባ የሚያስከፍል እምቢታ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

እንግዲህ የነገሩ ድምር ይህ ነው። በግፍ ዘመን ጀግና የሚባለው አስቀድሞ ግፈኛው ከእርሱ የሚሻውን ነገር ለይቶ የሚያውቅ ነው። ከወታደር ክንዱን፥ ከዳኛ ፍርዱን፥ ከባለጠጋ ገንዘቡን፥ ከካህን ቃሉን፥ ከገበያ ሰው ዝምታውን ይሻልና። ሁለተኛም ያን ነገር እንደማይድን እያወቀ የሚከለክል ነው። ሦስተኛም እምቢታው ለሌላው ሕይወት የሚሆን ነው። አራተኛም በድል ጊዜ የጠላቱን ሥራ የማይወርስ ነው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ከማዘጋጃ ቤት አጠገብ ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ ነበርና በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመለሰ። ከመርካቶ ወደ አራዳ የሚወጣ ሰው በዚያ ያልፋል። ካህናት የሰማዕቱን መታሰቢያ በሚያደርጉበት ቀን፥ ሕፃን የሸሸገችውን፥ ቁስለኛ ያበላውን፥ በሐሰት አልመሰክርም ብሎ የታሰረውን ሰው ከየአጥቢያው ሽማግሌ ጠይቀው ስሙን በመዝገብ ቢጽፉ፥ የኦሪትን ሥርዓት ይከተላሉ፤ ኦሪት የአዋላጆቹን ስም ጽፋለችና። መኳንንትም ይህን ሲያነቡ፥ በእጃቸው በኩል እንዲያልፍ የሚጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ ማኅተማቸውን ከማኖራቸው በፊት ይመርምሩ።